የሌላ አገር በጋ

ክረምት አልፎ በጋ ሲገባ የብዕር ሰው ሁሉ ስለ አደይ አበባ፣ ስለ መስቀል ወፍና ስለ ጠራ ሰማይ ይጽፋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ሸሚዝ ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ አትታዘበኝ። ስለ ፍቅርና ስለ ሞት ስንኝ ሲቋጥር የኖረ ሰው ስለ አንገትጌና ስለ እጅጌ ላውራ ቢል ይገርምህ ይሆናል። ነገር ግን የልብስ ነገር እንደሚመስለን ቀላል አይደለም። ሰው ጠዋት ተነሥቶ «ምን ልልበስ?» ሲል «ዛሬ ማን ልምሰል?» ማለቱም ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ያስተማረኝም ሸሚዙ ነው።

አስቀድሜ ስለ ወቅቱ ልበል። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ሲከፈል፣ በጋ የሚባለው ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ጊዜ ነው። ገናም ጥምቀትም በዚሁ ውስጥ ይውላሉ። ፈረንጆቹ የእነሱን በጋ የሚያከብሩት ግን በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ እኛ ጃንጥላ ይዘን ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን የምንከርምባቸው ወራት ናቸው። እናም በስልካችን መስኮት የሚጎርፈው የዓለም ፋሽን «የዘንድሮ የበጋ ልብስ ይህ ነው» ብሎ ሲያውጅ፣ አዲስ አበባ ላይ ዶፍ እየወረደ ነው። ነጩን ሱሪ በሐምሌ አይተን እንመኛለን፤ የምንለብሰው በጥር ነው። በመካከሉ ያለው ስድስት ወር የምኞት ዘመን ነው።

ደግሞም የአዲስ አበባ በጋ ራሱ ተንኮለኛ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ፀሐይዋ እንደ ምጣድ ብታቃጥልም ጥላዋ ያንቀጠቅጣል። ጠዋት ካፖርት ያስፈልጋል፤ ቀትር ላይ ሸሚዝ ይበዛል፤ ማታ እንደገና ካፖርት። እናቶቻችን ይህን ችግር በአንድ ነጠላ ፈትተውት ኖረዋል። ጠዋት ትከሻቸው ላይ ደራርበው ይወጣሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ጥላ ያደርጉታል፤ ማታ መልሰው ይከናነቡታል። ሌሊቱ ከጸና ደግሞ አራት ድርቡ ጋቢ አለ። ከዚህ የተሻለ የበጋ ልብስ የፈለሰፈ አገር ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

የእኔ እንጀራ ግን ነጠላም ኩታም አያውቅም። በባንክ መስኮት ጀርባ የሚቀመጥ ሰው ሙሉ ልብስና ከረባት ያስፈልገዋል። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ጀርባዬ ላይ ስታርፍ፣ ያ ላብ የማይመጥ ጨርቅ ከገላዬ ጋር ይጣበቃል። ገንዘብ እየቆጠርሁ ላብ እቆጥራለሁ። ባለፈው ኅዳር ነው «እንግዲህ በቃኝ፤ የሚተነፍስ ጨርቅ እፈልጋለሁ» ብዬ የተነሣሁት።

መጀመሪያ የዞርሁት በቡቲኮች ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ልብስ ዋጋ ምን እንደሆነ ለማንም አልነግርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የምንዛሪውን ዋጋ በየዕለቱ ስመለከት የምውል ሰው ነኝና ሸሚዙ ለምን እንደተወደደ ለማስረዳት አይቸግረኝም። የሚቸግረኝ መክፈሉ ነው። ቀጥሎ በቴሌግራም የሚሸጡትን ጎበኘሁ። ፎቶው ያማረ ነው፤ ዋጋ ስትጠይቅ «በውስጥ መስመር» ይሉሃል፤ በውስጥ መስመር የተነገረኝን ሰምቼ በውጭ በር ወጣሁ።

በእነዚያ ቀናት ፋሽን የሚባለውን ነገርም በቅርብ ታዘብሁት። ከዐሥር ዓመት በፊት ሱሪያችን ከእግራችን ጋር እንደ ቆዳ ተጣብቆ ነበር፤ ለማውለቅ የሰው እርዳታ የሚያስፈልገው ጓደኛ ነበረኝ። ዛሬ የወጣቱ ሱሪ ሰፍቶ አስፋልቱን ይጠርጋል። ቤታችን ግድግዳ ላይ አባቴ በ1960ዎቹ ቤልቦተም ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ፤ ልጅ ሳለን ስንስቅበት ኖረናል። አሁን ሳየው አባቴ ከሁላችንም ቀድሞ የደረሰ ይመስለኛል። ሽሮ ሜዳም ወርጄ ነበር። እዚያ የዶርዜ ሸማኔዎች እጅ የሠራው ሸማና ከፋብሪካ የመጣ ሽፎን ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ሽፎኑ ከሩቅ ይጠራል፤ ሸማው እስኪነኩት ይጠብቃል።

በመጨረሻ እግሬ መርካቶ አደረሰኝ፤ ልባሽ ጨርቅ ወደሚሸጥበት። ሳልቫጅ የምንለው ማለቴ ነው። ሕግ ወደ አገር እንዳይገባ የከለከለው፣ ነገር ግን ከተማው ግማሹን የሚያህል ሰው ያለበሰ የሚመስል ዕቃ ነው። ሰው ሳያየው ይገዛል፤ ከገዛ በኋላ ስሙን ይቀይርለታል።

ለማያውቁት ጥቂት ልንገር፤ ይህም አንድ ሙያ ነውና። በማለዳ መሄድ ያስፈልጋል፤ ቦንዳው ሲፈታ የደረሰ ሰው ይመርጣል፣ ከቀትር በኋላ የመጣ ይለቅማል። ልብሱን ከማየት መዳሰስ ይቀድማል፤ ዐይን በቀለም ይታለላል፣ ጣት ግን አይታለልም። ከዚያ ገልብጦ ማየት ነው። የአንገትጌው እጥፋት ካልተበላ፣ ብብቱ ካልወየበ፣ ስፌቱ በውስጥ በኩል ንጹሕ ከሆነ፣ ዕድሜ አለው። ቁልፍ ቢጎድል አያሳስብም፤ በየበረንዳው ባለ ሲንጀር ልብስ ሰፊ አለ። ትከሻው ካልሆነ ግን መተው ነው፤ ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ትከሻን የሚያስተካክል ልብስ ሰፊ እስካሁን አልገጠመኝም።

እጄ ክምሩ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ቀዝቀዝ ያለ፣ ሸከርከር የሚል፣ ግን ክብደት የሌለው ጨርቅ። ሳወጣው ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ነው፤ ቀለሙ እንደ ገብስ ገለባ። በአንገቱ ላይ ያለው ጽሑፍ መቶ በመቶ ሊነን ይላል። ሊነን ማለት ተልባ ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የሚባለው። እኛ ተልባን ለፍሬው እንዘራዋለን፣ ቆልተን ወቅጠን በጾም እንጠጣዋለን፤ እነሱ ግንዱን በውኃ ዘፍዝፈው ቃጫውን ይለዩና ይፈትሉታል። ጨርቁ ላብ ይመጣል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በሙቀት ጊዜ ገላን ያሳርፋል። ጠላቱ መጨማደድ ብቻ ነው። ስሙን ለዘመናት ስሰማው የኖርሁትን ጨርቅ በእጄ የያዝሁት ያን ዕለት ነበር።

«ስምንት መቶ» አለ ልጁ።

«ሦስት መቶ።»

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አንደኛ ነው፤ ሰው ያልለበሰው ነው!»

«ሰው ያልለበሰው ከሆነ ይህ ቁልፍ የት ሄደ?»

ሳቀ። በ450 ብር ተስማማን። ቤቴ ወስጄ ሦስት ጊዜ አጠብሁት፤ የበረንዳው ልብስ ሰፊ ጎኑን ትንሽ አጠበበልኝ፣ ቁልፍም ተከለለት። እርጥብ ሳለ በካውያ ስተኩሰው ልክ ለእኔ የተሰፋ ሆነ።

ቅዳሜ በቅርንጫፋችን ከረባት የማይጠየቅበት ቀን ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ቅዳሜ ለብሼው ገባሁ። ከጎኔ ያለው መስኮት ላይ የምትሠራው ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝና «እንዴት ያምራል! ከየት ነው?» አለች።

«ወንድሜ ከአሜሪካ ልኮልኝ ነው» አልሁ።

አስቤ አልተናገርሁትም። ቃሉ ከአፌ የወጣው እንደ ሰላምታ ነው። ለምን እንደቀለለኝ የገባኝ ቆይቼ ነው፤ አንድ ጊዜ እውነት ስለነበረ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በ2004 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት ሄደ። በ2006 ዓ.ም. ስመረቅ የለበስሁት ሙሉ ልብስ እሱ የላከው ነበር። ለእናቴ ሹራብ፣ ለአባቴ ጫማ፣ ለእኔ ሸሚዝ የያዘ ካርቶን በሰው እጅ ይመጣ ነበር፤ ካርቶኑ ሲከፈት ቤታችን ለሳምንት የዚያን አገር ሳሙና ይሸት ነበር። በኋላ ካርቶኑ ቀረ፤ ስልኩ ግን ነበረ። አባታችን ሲያርፍ ደወለ፤ ብዙ አለቀሰ፤ ገንዘብም ላከ። ከዚያ ስልኩም እየሳሳ መጣ። እነሆ ድምፁን ከሰማን ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ የሚመጡ ሰዎች «አይተነዋል፣ ደህና ነው» ይላሉ። ደህና ነው! ከዚህ ቃል የበለጠ ሰላም የሚነሣ ቃል አላውቅም። ታሞ ቢሆን እንጸልያለን፤ ደህና ሆኖ ዝም ላለ ሰው ምን ይጸለያል?

ስለዚህ ያ ሸሚዝ በሥራ ቤት «የአሜሪካው ሸሚዝ» ሆነ። እኔም አልካድሁም። እንዲያውም ማብራሪያ ጨመርሁበት፤ «እዚያ በበጋ የሚለበስ ነው» አልሁ፤ «ምርጫ ያውቃል ወንድሜ» አልሁ። ማታ ማታ ግን ይከነክነኝ ጀመር። አንድ ሌሊት እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

የማላውቀው ገላ ለብሶት የተወውን፣
የማውቀው ላከልኝ ብዬ ስል ከረምሁኝ፤
ሸሚዙስ ነጣልኝ በሳሙና ታጥቦ፣
ቃሌን የማጥብበት ውኃ ግን አጣሁኝ።

ስንኙ ይመታል፤ ለዚያ አልታማም። ነገር ግን ግጥሙም ዋሸ። ውኃ አላጣሁም ነበር። እውነቱን መናገር በእጄ ነበር፤ የጎደለኝ ድፍረት ነው። ግጥም እንዲህ ነው አንዳንዴ፤ ጥፋትህን አሳምሮ ይሰጥህና የታረቅህ ይመስልሃል።

ባልደረባዬ ከእናቴ ጋር አንድ አጥቢያ እንደሚያስቀድሱ አውቅ ነበር። አውቄ ዘነጋሁት። ገና ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ አግኝታቸው «እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ያ የአሜሪካው ልጅዎ ለወንድሙ እንዴት ያለ ሸሚዝ ላከለት!» አለቻቸው። ልጅቱ ምን ታድርግ? ደስታ ያበሠረች መስሏት ነው።

ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ ደወለልህ እንዴ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ የሠላሳ ዓመት ሴት ድምፅ ሆኗል።

ዝም አልሁ።

«ስለ እኔስ ጠየቀ?»

አንባቢዬ፣ በባንክ ቤት ውስጥ ሐሰተኛ ገንዘብ መለየት ሥራዬ ነው። ብርሃን ላይ አድርጌ አያለሁ፣ በጣቴ እዳስሳለሁ። በዚያች ቅጽበት ግን በእጄ ያለው ሐሰተኛ ገንዘብ እኔው ያተምሁት፣ እናቴም ያላትን ሁሉ ሰጥታ የመነዘረችው ነበር። «እመጣለሁ እማዬ፣ መጥቼ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ከመዝጋቴ በፊት «ሸሚዙን ይዘኸው ና፤ ልየው» አለችኝ።

ቡና አቀራርባ ጠበቀችኝ። እጅዋን ታጥባ በቀሚስዋ ጫፍ አደራረቀችና ሸሚዙን ተቀበለችኝ። ወደ መስኮቱ ወስዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትዋ መካከል አሸችው። እናቴ ዐይንዋ ሳይደክም ፈታይ ነበረች፤ ክር ታውቃለች።

«ጥጥ አይደለም» አለች።

«ተልባ ነው እማዬ።»

«ተልባ? ይኼ የምንጠጣው?» ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምናለ እዚያ ላይ ቢያበቃ! ቀጥላ ሸሚዙን ወደ ፊትዋ አስጠጋችና በረጅሙ አሸተተችው። ያን ጊዜ የካርቶኖቹ ዘመን ትዝ አለኝ። እስዋም እሱን እየፈለገች ነበር።

«የእኛን ሳሙና ነው የሚሸተው» አለች ቀስ ብላ።

ከዚህ በኋላ መሸሻ አልነበረኝም። «እማዬ፣ እሱ አይደለም የላከው። ከመርካቶ ነው፤ ከልባሽ ላይ ነው የገዛሁት። ዋሽቼ ነው።»

እናቴ አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ሸሚዙን ጉልበትዋ ላይ ዘርግታ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ መለሰች፤ አንገትጌውን አስተካከለች፤ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች። ጀበናው ገንፍሎ ፍሙ ላይ ጭስ አለ።

«ስንት ገዛኸው?»

«አራት መቶ ሃምሳ።»

«አልተወደደብህም» አለች።

ሁለተኛውን ስኒ ስትቀዳልኝ ደግሞ፣ ዐይንዋን ከጀበናው ሳታነሣ፣ «አሁን እሱ ጋ ብርድ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፤ በረዶ ነው።»

«እንግዲህ እንዲህ ያለውን አይለብስም» አለች።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ያሰብሁት ይህን ነው። በመርካቶ ክምር ውስጥ ያለው ሁሉ የሌላ አገር በጋ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ከተማ፣ በሐምሌ ፀሐይ ለብሶት ወጥቷል፤ ምናልባት ደስ ብሎት ነበር፤ ከዚያም ሰለቸውና ተወው። ሸሚዙ በዚህ አይዋረድም። በመታጠብ ነጽቷል፣ በመሰፋት የእኔ ሆኗል። ያዋረድሁት እኔ ነኝ፤ የሌለውን ላኪ ስሰጠው። ልብስን ከልባሽ መግዛት አያሳፍርም፤ የወንድሜን ዝምታ ግን በሸሚዝ ሸፍኜ «ይልክልኛል» እያልሁ መኩራቴ፣ ያ ነው ያሳፈረኝ። የናፈቅሁት ሸሚዝ አልነበረም።

ሰኞ ለባልደረባዬ እውነቱን ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ግራና ቀኝ አይታ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይኼ ሁላችሁ የምታደንቁት የቱርክ ኮት የት የተገዛ ይመስልሃል?» አለችኝ። ሥራ እስኪጀመር ድረስ ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ማን ቦንዳ በየትኛው ቀን እንደሚፈታ እንነጋገራለን፤ እስዋ ከእኔ የተሻለ ዐይን አላት።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገሬ ሰው። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጥምቀትን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ እኔ ግን ቀድሞም ቢሆን ከዚህ የሚበልጥ የልብስ ዐውደ ርእይ አላውቅም። ጃን ሜዳ ላይ የሰፈር ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት አሳትመው በቡድን ይመጣሉ፤ ባለ ጥበብ ቀሚሶች በፀሐዩ ያብረቀርቃሉ፤ እናቶች ነጫጭ ለብሰው ሜዳውን ሁሉ ጥጥ ያስመስሉታል። እኔም የገለባ ቀለም ሸሚዜን ለበስሁ። በዋዜማው የተኮሰችው እናቴ ናት፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋበት። አጠገቤ የቆመ አንድ ጎልማሳ ጨርቁን አይቶ ከየት እንደገዛሁት ጠየቀኝ። «ከመርካቶ፣ ከሳልቫጅ» አልሁት፤ እናቴ እየሰማች። «በስንት?» አለኝ። ነገርሁት። «አልተወደደብህም» አለ።

በዚያው ማታ በሸሚዙ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ለወንድሜ ላክሁለት። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «እንኳን አደረሰህ። ይህን ከመርካቶ ገዝቼ፣ አንተ የላክህልኝ ነው እያልሁ ስዋሽ ነበር። ምንም እንድትልክልን አይደለም። እናታችን ደህና ናት፤ ብርድ ነው ወይ ትላለች።»

ለሦስት ቀን አንድ ምልክት ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን ሁለት ሆነ። መልስ ግን እስካሁን አልመጣም።

ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። ልብስ አጥባ ግቢው ውስጥ አስጥታለች፤ የእኔም ሸሚዝ በገመዱ ላይ አለ። የሆነውን ነገርኋት።

«አነበበው?» አለች።

«አነበበው።»

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። እናቴ ሸሚዙን ከገመዱ አወረደች፤ መድረቁን በጉንጭዋ አየችና ታጥፈው ጀመር።